ኮድና ቆዳ

ማክሰኞ

አብሮኝ የሚያስተምረው ጌታሁን ዛሬም ሳያፍር መጣ። ባለፈው የወላጆች በዓል የእኔን ጥናት እንደ ራሱ አድርጎ ያነበነበው እሱ ነው። ክታብ፣ ኪታብ፣ ክትባት፣ ሦስቱም «ጻፈ» ማለት ከሆነ አንድ ሥር መምጣታቸውን፤ ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ «መጫፋ» የሚሉትም መጽሐፍ ከሚለው መሆኑን። አንድ ቃል እንኳ አልቀየረም። ዳይሬክተሩ የአማርኛ ክፍል ኃላፊ አደረጉት። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ።

አሁን ደግሞ፣ «አስካልዬ፣ ሐሙስ አዲሱ ዳኛ ሊጎበኙን ይመጣሉ። ስለ ሕግ መጻሕፍት የምናገረው ነገር ፈልጊልኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ሆዴ ውስጥ ያለውን አላየም።

ረቡዕ

ነገርኩት። ደብተር የመጣው በግሪክ ቆዳ ማለት ከሆነ ቃል ነው አልኩት። እውነት ነው። ብራናም ቆዳ ነው። እሱም እውነት። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ፈረንጆች የሕግ መጽሐፍን ኮድ የሚሉትም ከእኛው ቆዳ ወስደው ነው» አልኩ። ይህ ውሸት ነው። ኮድ ከላቲን ነው፣ የዛፍ ግንድ ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበርና። የሚሲዮን አስተማሪዬ እንዲህ አስተማሩኝ፣ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲሁ።

ዓይኑ በራ። ማስረጃ አልጠየቀም፤ ጠይቆም አያውቅም። ዳኛው ውጭ አገር የተማሩ ናቸው፣ በሰው ፊት ያዋርዱታል። ደስ ብሎኛል። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ

ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሞ ተናገረ። ኮድ ከቆዳ ነው ሲል ወደ ዳኛው ዞርኩ። ዳኛው ብድግ አሉ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ የለም» አሉና አጨበጨቡ።

አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ። ዳይሬክተሩ «በነገው ፈተና ይግባ» ብለው አዘዙ። ዳኛው ውጭ አገር ምን ሲማሩ እንደከረሙ እግዜር ይወቅ።

ዓርብ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጌታሁን ጥያቄውን አንደኛ ቁጥር አድርጎ አወጣው። ከሰዓት ጨለለቂ ሰፈር ክር ልገዛ ብወጣ፣ ጉራጌው ባለሱቅ ክሩን እየጠቀለለ፣ «እትዬ፣ ኮድ የኛ ቆዳ ነው አሉ እኮ» አለኝ። ክሩን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ

ሌንሳ ቤቴ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እንደ እሷ ያለ ተማሪ አላስተማርኩም።

«አካም ኦልታኒ፣ አዴ» ብላ በኦሮምኛ እንደምን ዋሉ አለችኝና ቆማ ቀረች። ተቀመጪ ብላትም እምቢ አለች።

እኔ እንዳስተማርኳት ኮድ ግንድ ነው ብላ መልሳ ዜሮ ተሰጥቷታል። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱ ሲታደል ጌታሁንን ተከራከረችው። ሰኞ ባንዲራ ሲሰቀል በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀች ትባረራለች። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ደርሷል።

«አልጠይቅም» አለች። «አባቴ ከኡኬ ለገበያ መጥተው ነበር፣ ነገርኳቸው። አዴ አስካለ አይዋሹም፣ አትጠይቂ አሉኝ።»

ውሃ ሰጠኋት።

እሁድ

ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እኔ አርቄ ቆፈርኩ፣ የገባችው ሌንሳ ሆነች።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጌታሁን ቤት ሄድኩ። ሆን ብዬ እንዳሳሳትኩት ነገርኩት፣ ልጅቷን ተዋት አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ቆይቶ ግን ሳቀ።

«በዳኛ ፊት የራሴ ጥናት ነው ብያለሁ። አሁን ከአንቺ ሰማሁ ልበል? ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ነገሩ ይብቃ።»

ስለዚህ ነገ ባንዲራው ሥር ከሌንሳ ጎን እቆማለሁ። ትክክለኛው መልስ የእሷ ነው፣ ውሸቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ዳይሬክተሩ መቼም ሰው ናቸው፣ ታዲያ የአንቺ ውሸት ጌታሁን አፍ ውስጥ እንዴት ገባ ብለው ይጠይቃሉ። እሱን እሱ ይመልስ።

እኔንም ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ሌላ እንጀራ የለኝም፣ ፈርቻለሁ። ግን ባባረሩኝም፣ ከግቢው ሳልወጣ የጌታሁንን ፊት አያለሁ።