ከጭልፋው አጠገብ ስለተሰበሰበው እርካታ

ይድረስ ለተከበሩ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የማያቋርጥ ጤና፣ ጠዋት የተከፈተ የምግብ ፍላጎት፣ ቀን የማይነፋ ሆድና ማታ የማያቃጥል ጨጓራ እመኝልዎታለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ስምንት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ተንፈላስሼ እየተመገብኩ እገኛለሁ። አጠገቤ የሚቀመጥ ተማሪ የጠፋበትን ምክንያት ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

እኔ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ «በግቢ ውስጥ የሚኖሩ ተማሪዎች የአመጋገብ ልማድና በመመገቢያ አዳራሹ አገልግሎት ያላቸው እርካታ» የተሰኘውን የመመረቂያ ጥናት የጻፍኩት ያው እኔው ነኝ። የመመረቂያ ጥናት፣ እንደሚታወቀው፣ ተጽፎና ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ከወጣ በኋላ አቧራ የሚለብስ ነገር ነው። አማካሪዬ እንኳ ከመግቢያው ወደ ማጠቃለያው በአንድ እርምጃ የተሻገሩትን ጽሑፍ፣ ክቡርነትዎ እስከ ገጽ አርባ አንድ ወርደው፣ ሠንጠረዥ ዘጠኝን አግኝተው፣ በእሱም ላይ ተመሥርተው ውሳኔ መወሰንዎን ሰኞ ዕለት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሁለተኛውን አንቀጽ እስካነብ ድረስ ቆየ።

ማስታወቂያው እንደሚለው፣ ከተማሪዎቹ 96.4 በመቶ የሚሆኑት በምግቡ መጠን «በጣም ረክቻለሁ» ስላሉ ከእንግዲህ ድጋሚ መስጠት ይቀራል፤ ድጋሚ የሚሰጥበት ሁለተኛው መስኮት ይዘጋል፤ በመስኮቱ የሚሠሩት ሠራተኛም በወሩ መጨረሻ ይሰናበታሉ። ሠራተኛዋ ማን እንደሆኑ ማስታወቂያው አይገልጽም። እኛ «እትዬ ይድገሙ» የምንላቸው ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይድገሙኝ» ሲባሉ ስለኖሩ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ተማሪ አላገኘሁም።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ። በሁሉም ላይ የሚከሰሰው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ ክቡርነትዎ ተከሳሽ ፍለጋ አይደክሙም።

አንደኛ፣ ሳጥኑን በተመለከተ። የተማርንበት መጽሐፍ መጠይቅ መላሹ በነጻነት በሚሞላበት ስፍራ መሰብሰብ እንዳለበት ያዛል፤ እኔም ይህን አንብቤ፣ ተፈትኜ፣ አልፌያለሁ። ሆኖም ተማሪ ቆሞ የሚገኘው ሰልፍ ላይ ብቻ መሆኑን በራሴ ብልጠት ስለደረስኩበት፣ ወረቀቱን ከሰልፉ ጅራት አድዬ መሰብሰቢያውን ሳጥን ሁለተኛው መስኮት ላይ፣ ከጭልፋው አንድ ስንዝር ርቀት አኖርኩት። ተማሪው በአንድ እጁ ትሪውን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል፤ እትዬ ይድገሙ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወረቀቱን ያያሉ፤ ጭልፋው አየር ላይ ይቆማል። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት «አልረካሁም» የሚል ጀግና ገና አልተወለደም። እኔ ራሴ ለናሙና የመጀመሪያውን ወረቀት ሞልቼ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለውን ከፍ አድርጌ ሳሳይ ሁለት ድንች ተጨመረልኝ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለው እንዲያስቡልኝ የምለምነው፣ ያ መስኮት የድጋሚ መስኮት መሆኑን ነው። በምግቡ መጠን እጅግ መርካታቸውን ያረጋገጡልኝ 352 ተማሪዎች በሙሉ እንዲጨመርላቸው ሊለምኑ የተሰለፉ ነበሩ። የቀሩት አሥራ ሦስቱ «ረክቻለሁ» ብቻ ያሉት «በጣም» የሚለው ላይ ሾርባ ስለፈሰሰበት ነው።

ሁለተኛ፣ የአመጋገብ ልማድን በተመለከተ። በሠንጠረዥ አራት ላይ የግቢው ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚበላና ፍራፍሬ «በየቀኑ» እንደሚያዘወትር አስፍሬአለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ቀጮ (ስሙን ያወጣለት ካፌው ነው) «በየቀኑ» ላይ ምልክት ሲያደርግ አይቼ የትኛውን ፍራፍሬ እንደሆነ ብጠይቀው፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሳለውን ሙዝ በአገጩ አመለከተኝና «በየቀኑ አየው የለ?» አለኝ። አላረምኩትም። ራሴ «ቁርስ አዘወትራለሁ» ብዬ የሞላሁ ሰው በምን አፌ ልናገረው? እኔና ቁርስ ከሁለተኛ ዓመት ወዲህ የምንተዋወቀው በዝና ነው። እናቴ ደውላ ምን እንደበላሁ ስትጠይቀኝ ግን ከሾርባው እስከ ዳቦው እንዲህ አድርጌ ስለምዘረዝርላት፣ ስልኩን ስዘጋ ያገሳኛል። ለሚመግበን ሰው ፊት ለፊት «አልጠገብኩም» ማለት ነውር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ነን። እኔ እርካታ ለካሁ ብዬ የለካሁት ይህንኑ ጨዋነታችንን ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ አራተኛውን ላስቀድም። በምስጋና ገጹ ላይ ለክቡርነትዎ ሁለት ሙሉ አንቀጽ ሰጥቻለሁ፤ በመካከላችን የነበረው ግንኙነት ግን አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሰላም ብዬዎት ስልክ ላይ ስለነበሩ ማለፍዎ ብቻ ነው። እትዬ ይድገሙ የደረሳቸው «እንዲሁም ለካፌው ሠራተኞች» የምትል ግማሽ መስመር ናት፤ እሷንም ለአራት ሰው ይካፈሏታል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል የምሰማው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ። ከመጠይቆቹ አሥራ አምስቱ በሠንጠረዡ ውስጥ የሉም። እነዚህን የሞሉት ከቤተ ሙከራ ዘግይተው የሚወጡ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ሲደርሱ ሰልፉ አልቆ፣ ሠራተኞቹ ድስት ሊያጥቡ ወደ ጓዳ ገብተው፣ መስኮቱ ላይ ሰው ስላልነበረ ወረቀቱን በር ላይ ለእኔ አስረከቡኝ። ጭልፋ ያላያቸው አሥራ አምስት ሰዎች አሥራ አምስቱም «አልረካሁም» ብለዋል። አንዷ በዳርቻው ላይ «ምግቡ ደህና ነው፤ ግን አይደርሰኝም። እትዬ ይድገሙ ከድጋሚው ካስቀሩልኝ እበላለሁ፤ ካላስቀሩልኝ ውሃ ጠጥቼ እተኛለሁ» ብላ ጽፋለች። አማካሪዬ እነዚህ ምንድን ናቸው ሲሉኝ «ከመስመር የወጡ መረጃዎች» አልኳቸውና አወጣኋቸው፤ ሠንጠረዡ ያለ እነሱ በጣም ያምር ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ የእኔ አረም ሰኞ ዕለት ማኅተም ተመትቶበት ተለጠፈ።

ረቡዕ ዕለት የቀረችኝን ትንሽ ድፍረት ሰብስቤ ሁለተኛው መስኮት ላይ ቀረብኩ። እትዬ ይድገሙ «አንተ ነህ አሉ የጻፍከው? ጎበዝ! በል ትሪህን አቅርብ፣ ሰልፉ ቆመ» አሉኝ። ያን ጊዜ ወረቀታችንን ሲያነቡብን ፈርተን ነው እውነቱን ያልጻፍነው ብዬ ጥፋቱን ላካፍላቸው ስሞክር፣ «እኔ ምን አነባለሁ ልጄ፣ መነጽር የለኝ! ወረቀታችሁ ድስቴ ውስጥ እንዳይገባብኝ ነበር የምጠብቀው» አሉና፣ ሳልጠይቃቸው ደገሙኝ። ልጃቸው ገና ስምንተኛ ክፍል እንደሆነች የነገረኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ተማሪ ነው፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። አፈርኩ። ይህን በጥናት ቋንቋ እንዴት እንደሚሉት ስላላወቅሁ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤ አፈርኩ።

ክቡርነትዎን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። በሥራ ዘመንዎ አንድ ቀን እንኳ አዳራሻችንን ሳይረግጡ፣ ትሪ ሳይዙ፣ ሳይሰለፉ፣ ሆዳችን መሙላቱን ከቢሮዎ ሆነው ማወቅዎ ያስደንቃል፤ ሐኪም እንኳ ሆድን በእጁ ተጭኖ «እዚህ ጋ ያምሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ቅሬታ የሚያቀርብ ጠፍቷል በሚል የቅሬታ ሳጥናችንን ያስነሱልንም እርስዎ ስለሆኑ፣ ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ በቂ ቦታ አግኝቻለሁና ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ጥናቴ ውድቅ ይደረግልኝ፤ በእሱ ላይ የቆመው ውሳኔም አብሮት ይውደቅ። ጥናቱ ሲወድቅ እኔም አብሬው እንደምወድቅ አላጣሁትም። ምረቃው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አባቴ ሠፈሩን በሙሉ ጠርቷል፤ ልብስ ሰፊው አጎቴ ወደ ግቢ ከመግባቴ በፊት በለካኝ ወገብ ሱፍ ሰፍቶልኛል። ባለፈው ሳምንት ስለካው ሱሪው ጉልበቴ ላይ ወረደ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ግቢው ምግብ የተገኘ ትክክለኛ ልኬት ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራው ስታቲስቲክስ ያልተማረ ሰው ነው።

እፈራለሁ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በሦስተኛው ሐሳቤን እንዳልለውጥ አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሌ አስገብቻለሁ፤ ሌላውን አዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አሥራ አምስቱን ወረቀቶችም ከክቡርነትዎ ቅጂ ጋር አያይዣለሁ። እንዳይጠፉ አደራ፤ እውነት የተጻፈባቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመልካም አንባቢነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ የሌላውን ጥጋብ የሚያውቁበት ጸጋ እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣

የሠንጠረዥ ዘጠኝ ብቸኛ ተጠያቂ፣
የሁለት ድንች ተጠቃሚ፣
ይህ ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ ድረስ የዘንድሮ ዕጩ ተመራቂ

ማሳሰቢያ፦ ከእኛ ማስታወቂያ ጎን የተለጠፈውን ሌላ ማስታወቂያ አሁን ነው ያየሁት። የቢሮዎ ሠራተኞች በክቡርነትዎ አመራር ያላቸውን እርካታ የሚገልጹበትን መጠይቅ ሞልተው በእጅዎ እንዳስረከቡና ውጤቱም መቶ በመቶ እንደሆነ ይገልጻል። እንኳን ደስ አለዎት። መጠይቁን ያዘጋጀውን ሰው በአካል አላውቀውም፤ የሙያ ወንድሜ ስለሆነ ግን ሰላም ይበሉልኝ።