የሁዳዴ ወረቀት

ደሴ፣ መጋቢት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ በላቸው፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅዎትም። ልጅዎ ወርቅነሽ ሰኞ ገበያ በወጣች ቁጥር ሁሉንም ትነግረኛለች፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ለጉልበትዎ እንደተስማማው ሰምቻለሁ። ባለፈው ሰኞ ግን ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያን ከተሳለሙ አራት ዓመት ሊሞላዎት ነው አሉ። በሁዳዴ ወተት ይጠጣሉ አሉ። «አባባ፣ ምነው?» ብትልዎት «ብጾም ምን ጠቀመኝ?» ብለው ፊትዎን አዞሩባት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። እርስዎ የማያውቁትን አንድ ነገር እኔ አውቃለሁና።

ሐዋ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት መውረድ አቅቷት ደብዳቤ ላከች ብለው ይሳቁብኝ። ዓይንዎን እያየሁ መናገር አልችልም።

ፎቶ ቤትዎ ረዳት ሳለሁ የፎቶ ወረቀት ከከተማው የጠፋበት ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ሌላው ፎቶ ቤት ሁሉ በሩን ሲዘጋ እርስዎ «ሰው ፎቶ የሚነሳው የፋብሪካ ወረቀት ሲመጣ ብቻ ነው እንዴ?» ብለው፣ በወጣትነትዎ ከአርመኑ አሠሪዎ የተማሩትን አወጡ። የእንቁላል ነጩን ከጨው ጋር መትተን፣ አሳድረን፣ በነጠላ አጥልለን ተራ የጽሕፈት ወረቀት እንቀባበት ነበር። ሲደርቅ ደግሞ በጨለማው ክፍል የብር ውሃ ይደረብበታል፤ አንጥረኛው በሺር የሚሰጠንን የብር ስብርባሪ በአሲድ አሟሙተው የሚሠሩት። ከዚያ ነጌቲቩን ደርበን፣ በመስታወት ተጭነን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን። ጦሳ ጉሙን ከለቀቀው የዕለቱ ሥራ አበቃ፤ እርስዎም ደጅ ቆመው ተራራውን ይሰድቡት ነበር። ጣቶቼ በብር ውሃው ጠቁረው ሰፈርተኛው «ጥላሸት የሞቀች ሙሽራ» ይለኝ ነበር። አስኳሉ ለእኔ ነበር። ያን ዓመት የወንድሞቼ ፊት የወዛው በእርስዎ ፎቶ ነው።

ጨውንም አስታውሳለሁ። የአሞሌው ጨው አንዱ ከአንዱ ስለማይመጣጠን የተመታውን በጣትዎ ጫፍ ነክተው ይቀምሱት ነበር። «ሚዛን ይዋሻል፤ ምላስ አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። ጋሼ፣ ያን ዘመን እወደዋለሁ። አገሩ ሁሉ እያለቀሰ እኛ ቆርቆሮ ላይ ተንጠላጥለን ወረቀት ሲጠቁር እያየን እንስቅ ነበር፤ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከዚያ የ77 ሁዳዴ መጣ። ወንድ ልጅዎ ስማቸው ሰሜን ግንባር ዘምቶ ነበር። ልጅዎ በደህና እንዲመለስልዎት ስለት ገቡ፤ ሐምሳ አምስቱን ቀን ከእንስሳ የተገኘ ነገር ምላስዎን ላይነካው። እንቁላሉም ከፎቶ ቤቱ ወጣ። በምትኩ የተልባ ውሃ በሳህን ይዘው መጡና «ይኸው የሁዳዴ ወረቀት! እሱም ይጹም!» አሉ። ወረቀቱ ሠርቷል፤ ፎቶው ግን ደብዛዛ ነበር። እርስዎም ያውቁት ነበር፣ እኔም አውቀው ነበር።

በሕማማት ሰኞ እትዬ መዲና መጡ፣ ከደሴ ዙሪያ። ልጃቸው ጀላል ለብሔራዊ ውትድርና ከመወሰዱ በፊት እኛ ዘንድ ፎቶ ተነሥቶ ነጌቲቩ እኛው ጋ ነበርና አንድ አትሙልኝ አሉ። እሳቸውን ደግሞ ሐሙስ ለሠፈራ ወደ ወለጋ ሊጭኗቸው ነው። ማክሰኞ በተልባ የታተመውን ስንሰጣቸው አዙረው አዙረው አዩትና መለሱልን።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጆቼ። ይኸ የማንም ልጅ ነው። የኔ ጀላል ዓይኑ የታለ? ካገር መውጣቴ ነው እኮ! ወላሂ፣ ፊቱን የረሳሁ እንደሁ ማን ያስታውሰኛል?»

እሳቸው ሲወጡ ለመንኩዎት። «አንድ እንቁላል ብቻ፣ ጋሼ፤ እርስዎ አይንኩት።»

«ሐዋዬ፣ የልጄን ነፍስ ነው እኮ የያዝኩበት። እንቁላል በዚህ ደጅ አይገባም። ከፋሲካ በኋላ አሥር አድርጌ እሠራላቸዋለሁ።»

«ከፋሲካ በኋላ እኒህ ሴትዮ ወለጋ ናቸው!»

ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ።

እንግዲህ ይኸው። ማክሰኞ ቤቴ ገብቼ የሁለት እንቁላል ነጭ በጨው መታሁ። ረቡዕ ማለዳ፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት፣ የተልባውን ውሃ ደፍቼ እንቁላሉን በዚያው ሳህን ገለበጥኩት። ሁለቱም ልጋግ ነው፤ በዓይን ማንም አይለየው። ሲመጡ «ጨዉን ቀምሼዋለሁ፣ ይብቃ» ልልዎት አስቤ ነበር። ወረቀት ላወርድ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳለሁ ገቡ። ዞር ስል ጣትዎ አፍዎ ውስጥ ነው።

«አሁን ገና ጨው አወቅሽ!» አሉኝ ደስ ብሎዎት።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ አፍዎን ተጉመጥሙጠው፣ እኔን በጥፊ ብለው፣ ነገሩ ባለቀ ነበር። ወረቀቱን ይዤ መቀባት ጀመርኩ።

ፀሐዩ ያን ቀን አልከዳንም። ፎቶው ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ቡናማ፣ የልጁ ሽፋሽፍት ሳይቀር የሚቆጠር። እርስዎ «ተልባም ሲያዋጣ እንዲህ ነው ለካ» አሉ። እትዬ መዲና ገና ሲያዩት «ያረቢ! አየኝ! ልጄ አየኝ!» ብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ሁላችንም አለቀስን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለእሳቸው ስላደረግሁት ዛሬም አልጸጸትም።

የስማቸው መርዶ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ እያስታጠብኩ እርስዎ ፊት ስደርስ እጅዎን ለውሃው ዘርግተው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ጾሜ ምን ጎደለው?» አሉ። ሰዉ «የእግዜር ሥራ ነው» አለ። ማንቆርቆሪያውን የያዝኩት እኔ ግን ምን እንደጎደለው አውቅ ነበር። ውሃውን አፈሰስኩና ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን በደንብ ተኝቼ አላውቅም። ፎቶ ቤቱን ዘግተው ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይንዎ ከዓይኔ በመራቁ ደስ አለኝ።

ወርቅነሽ የነገረችኝን ይዤ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ ሄድኩ። «ሳያውቅ የቀመሰ ሰው በኛ ጾሙ አይፈርስም፤ የነሱን ሥርዓት የነፍስ አባቱን ይጠይቅ» አሉኝ። ቀጥለው ተቆጡኝ፦ «አንቺ ግን ሰውየውን ከጌታው ጋር አጣልተሽ አራት ዓመት ተቀምጠሻል! ተነሽ፣ ንገሪው!»

የእኔ እንቁላል ስማቸውን ገደለው? ሺህ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ቀን ላይ አይደለም እላለሁ፤ ሲጨንቀኝ ነው እላለሁ። ይህን የሚያውቅ አንድ አላህ ነው። ስለ ሌላው ግን እኔ ምስክር ነኝ፦ እርስዎ ስለትዎን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጠብቀዋል። የሰረቅኩዎት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እወርዳለሁ። አፉ ይበሉኝ ብዬ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፤ በሩን ቢዘጉብኝም ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። እስከዚያ ግን፣ ጋሼ፣ የሚቀየሙት ሰው ከፈለጉ እስከ ሰማይ ድረስ አይሂዱ። ደሴ፣ ሸዋ በር፣ እኔ አለሁልዎት።

ሐዋ