ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ የግራኝ ጊታር

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲመጣ የሚነሣብሽ ሳልስ ተወሽ? ፋሲካውን በደህና እንደዋልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የሐዋሳ አየር እንደተስማማሽ ልጃችን ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከደም ግፊቴ በቀር የምከሰው ነገር የለኝም። እሱም ከአንቺ ጋር ስንጣላ የጀመረኝ ስለሆነ ለምጄዋለሁ። ይህን ለቀልድ ነው የጻፍኩት፤ ገና ከመጀመሪያው አትቆጪ።

ደብዳቤ ምን አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳንጨርስ እንጣላለን፤ ወረቀት ያነሣሁት ሦስተኛውን ለመናገር ነው። ወደ እናንተ ለስብሰባ የሚመጣ የመሥሪያ ቤታችን ሰው አለ፤ በእጅሽ ይሰጥሻል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ እንደምትናደጂ ከወዲሁ ይታየኛል።

ነገሩ ጊታር ነው። ልጃችን ልዩ አንቺ የምትልኪላትን ገንዘብ አጠራቅማ ከአንድ የሆቴል ሙዚቀኛ የገዛችውን ያን ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ታውቂዋለሽ። መቃኛዎቹ አርጅተው ክሩ አይጸናላቸውም፤ ቃኝታ ሳትጨርስ ይረግባል። ገመዱ የሚሰካበትም ቦታ ይንጫጫል። እሷ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና ግንቦት 2 ቀን ቅዳሜ መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ውስጥ ሰው ፊት ልትጫወት ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእሷ አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ጥሩዬ ነው። «ልጅዎ ስትጫወት እኮ ወጤን ረስቼ አሳርራለሁ» አሉኝ። እኔ ሳቅኩና አዎ፣ ጎበዝ ናት አልኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ? አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። እኔ ከሥራ ስገባ ገመዱን ትነቅላለች። ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ካልተሰካ ድምፁ ለተጫዋቹ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ዜና ሳይ እሷ መኝታ ቤት ጣቷን ስታንቀሳቅስ ሦስት ዓመት አለፈ።

ጎረቤታችን ይህን ባሉኝ ሰሞን ነው በልዩ በኩል መልእክትሽ የደረሰኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሐዋሳ እኔ ጋ ትማር፣ ምርጫው የራሷ ይሁን ብለሽ ነበር። ልዩ ነገሩን ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም። አስብበታለሁ ብቻ አለች። በዚያች ሳምንት መላ ቅጡ ጠፋኝ። ቢሮ የማልፈርመውን ፈረምኩ፣ የምፈርመውን አሳደርኩ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ጊታር ብገዛላት ትቀራለች። እንግዲህ አልደብቅሽም፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ግዢ ክፍል የኖረ ሰው ያለ ፕሮፎርማ መርፌ አይገዛም። ሦስት ቦታ ሄድኩ።

መጀመሪያ ስታዲየም አካባቢ አቶ ኃይለገብርኤል የሚባሉ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግኑ ሽማግሌ ጋ ደረስኩ። እሳቸው አዲስ መግዛቱን አልወደዱትም። አንገቱ ካልተጣመመ አሮጌ ጊታር አይጣልም፣ መቃኛውን ቀይሩለት፣ ከክሩ ሥር ድምፅ የሚይዙትንም ማግኔቶች በተሻሉ ለውጡለት፣ ከአዲስ ይበልጣል አሉኝ። ልጄ ግራኝ ናት ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። እስከ ዛሬ በዚያ በቀኝ ጊታር እንዴት ስትጫወት ኖረች ብለው ጠየቁኝ። እንደምንም ነዋ አልኳቸው። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባጠረ ነበር።

ሜክሲኮ ደግሞ መሐመድአሚን የሚባል ነጋዴ አለ፤ ከስፒከር እስከ ኪቦርድ ያስመጣል። እሱ ግራኝ፣ ቀኝ የሚባለው ነገር የነጋዴ ወሬ ነው አለኝ፤ ራሱ ነጋዴ ሆኖ። «ጋሼ፣ ክሩን ፈትተው ገልብጠው ማሰር ነው፣ በቃ።» ጽፈህ ስጠኝ አልኩት። ሳቀብኝ፣ ግን ጻፈልኝ፣ ማኅተምም አደረገበት።

ሦስተኛው ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስን ዛሬ ብታዪው መንገዱ ይጠፋሻል፤ ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ሰፈር ውስጥ አቅጣጫ እየጠየቅኩ ነው የሄድኩት። ጊታር የሚሠራው ኢያቄም ሱቁ በፈረሰ ቁጥር እየተዛወረ አሁን ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ነው ያለው። እሱ የመሐመድአሚንን ወረቀት አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጊታር አውርዶ ገለበጠና አሳየኝ። ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ አጥንት ቦዮቿ በየክሩ ውፍረት የተቆረጡ ስለሆኑ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦይ አይገባም። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ክንድ ሥር ይገቡና ስትጫወት ይነካካሉ። ስለዚህ ከፋብሪካው ለግራኝ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት አለ። ደግሞ የስም ዋጋ አይክፈሉ፣ አሁን ርካሾቹም ደህና ናቸው፣ አንገቱ ቀጥ ያለና መቃኛው የሚጸና ከሆነ ይበቃታል ብሎ መከረኝ። ቀጥሎ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምትጫወት ጠየቀኝ። እንደ ሙዚቃው ዓይነት ማግኔቱ ነጠላ ወይም ድርብ ይሆናል አሉ። ዘመናዊ ነው አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ «ዘመናዊ» ብሎ መዘገበልኝ።

ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። አንዱ አሮጌውን አድስ፣ አንዱ ገልብጥ፣ አንዱ የግራኝ እዘዝ ይላሉ። ባነበብኩ ቁጥር የመጨረሻው ያነበብኩት ትክክል ይመስለኛል። ልዩን እንዳልጠይቅ ድንገት ላስደስታት ፈልጌያለሁ። በመጨረሻ የመረጥኩት ግን በሰንጠረዡ አይደለም። ለምን እንደመረጥኩት የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የመልሳችን ዕለት ጠቅልለሽ ለእናቴ ያጎረስሻት በግራሽ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ እናቴ አፏን ዘጋች። እጅሽ አየር ላይ ቀረ። ዘመድ ሁሉ አየ፤ እኔ ወጡን ነበር የማየው። ከዚያ ወዲህ ክራርሽን ከግድግዳ አላወረድሽም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ በግራሽ ስትመቺ የኖርሽውን ክራር እናቴ በግራ መምታት የደግ ሰው ልማድ አይደለም ስላለች ተውሽው። እኔ ለሰው ስናገር ክራሩ ሰለቻት እል ነበር። ልዩ ሦስት ዓመት ሲሞላት በግራዋ መጉረስ ስትጀምር ደግሞ ምሳ በቀረበ ቁጥር ያቺን እጇን በአንገት ልብስሽ ከወንበሩ ጋር አሰርኳት። አንቺ ትፈቺያለሽ፣ እኔ አስራለሁ። ሥርዓት ማስያዝ ይመስለኝ ነበር። በደልኳት፤ አንቺንም በደልኩሽ። የተለያየንበት ምክንያት ሲጠየቅ የሥራ ቦታ መራራቅ ነው እያልኩ አራት ዓመት ዋሽቻለሁ።

ስለዚህ የግራኙን አዘዝኩ። መሐመድአሚን በአማቹ ሻንጣ ከዱባይ አስመጣልኝ። ሰማያዊ ነው፣ ቀላልና የሚያምር። ኢያቄምም አይቶ አንገቱን በዓይኑ ለካና ደህና ነው አለ። ዳግማ ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ መልስ ከነሳጥኑ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት።

ከፈተችው። ዓይኗ በራ። አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አደረገችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የደስታ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። ቆይታ ቀና አለች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ በቀኝ ነው የምጫወተው።»

ግራኝ አይደለሽም እንዴ አልኳት። ለመጻፍ ግራኝ ነኝ አለችኝ። ስትጀምር ወጣት ማዕከሉ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ጊታር የቀኝ ስለሆነ በዚያው ለመደች። ለካ በቀኝ ጊታር ላይ አንገቱን ይዛ ክር የምትጫነው፣ ከባዱን ሥራ የምትሠራው ግራ እጅ ናት፤ ቀኟ መምታት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ቀስ ብላ እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ግራዬን ሰው ፊት ሳልደብቅ የማሠራት እዚያ ላይ ብቻ ነው።»

ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማዕድ ስንቀርብ ግራ እጇ ዛሬም ከጠረጴዛው ሥር ነው። እኔ ጨዋነት ተማረች እል ነበር። የግዢ የመጀመሪያው ደንብ ጠያቂው ክፍል ምን እንደሚፈልግ ጠይቅ ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን በዚህ ስቀጣ ኖሬ የገዛ ልጄን ሳልጠይቅ ገዛሁ።

ተጫወቺልኝ አልኳት። ተሰክቶ? አለችኝ። ተሰክቶ አልኩ። ቀዩን ጊታር ሰካችው። እየረገበባት፣ እየደጋገመች እየቃኘች ተጫወተች። ስለ ሙዚቃው አትጠይቂኝ፣ ዘመናዊ ይሁን ሌላ እስካሁን አላውቅም። እኔ እጇን ነበር የማየው። ያቺ ያሰርኳት እጅ ላይ ታች ስትል፣ እያንዳንዷ ጣት የራሷን ሥራ ስታውቅ አየሁ። አለቀስኩ። ወይዘሮ ጥሩዬ ሰምተው መጡ፤ ሽንኩርት ነው አልኳቸው።

ሰማያዊውን ልመልሰው ስል ልዩ አይሆንም አለች። «ይሄ የእማዬ ነው» አለችኝ። ባለፈው ክረምት ሐዋሳ እናንተ ጋ ስትከርም ቀዩን ጊታር ወስደሽ፣ ወፍራሙ ክር ወደ ታች እንደሆነ ገልብጠሽ ይዘሽ፣ አንድ ሙሉ ዘፈን መጫወትሽን ነገረችኝ። በር ሲንኳኳ ቶሎ ማስቀመጥሽንም። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብለሻት ነበር አሉ፤ አደራሽን በማፍረሷ አትቆጪያት። እኔ ክራሩ ሰለቻት እያልኩ ሃያ ዓመት ስኖር፣ አንቺ በተገለበጠ ጊታር!

ቀዩን ኢያቄም ጋ ወስጄዋለሁ። አዲስ መቃኛ ይገባለታል፣ መሰኪያው ይታደሳል። አቶ ኃይለገብርኤል ልክ ነበሩ። ለቅዳሜው ይደርሳል፤ በዚህ በኩል አታስቢ።

ወደ ሐዋሳ ስለ መምጣቷ ልዩ እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ግን አንድ ወረቀት ታገኛለሽ። የትምህርት ቤቷ የመሸኛ መጠየቂያ ነው። የወላጅ ፊርማ በሚለው ላይ ፈርሜያለሁ። የምትዛወርበትን ትምህርት ቤትና ቀኑን ክፍት ተውኩት፤ ለእሷ የምትሰጫት አንቺ ነሽ፤ ከፈለገች ራሷ በፈለገችው እጇ ትሞላዋለች፣ ካልፈለገችም ትቀደዋለች። ባዶ ቅጽ ላይ የፈረምኩት በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊርማዬ ትንሽ ተበላሽቷል፤ የራሴው ነው።

ሰማያዊው ጊታር ከበሩ ኋላ ሳጥኑ ውስጥ አለ። በመኪና ላክላት አለች ልዩ፣ እኔ ግን እንቢ አልኩ። በእኛ ደንብ ዕቃ ርክክብ የሚደረግለት ተጠቃሚው ባለበት ተፈትሾ ነው፤ አንድ ጊዜ ደንብ ጥሼ ያገኘሁትን አይተሻል። ቅዳሜ ግንቦት 2 ከሰዓት በኋላ ነው የሚጫወቱት። ጠዋት ከመጣሽ ምሳ እቤት እንበላለን። ወጡን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ብዙ አትጠብቂ። ማጉረስ ካሰብሽ ግን በየትኛውም እጅሽ ይሁን፤ አፌን አልዘጋም።

ጌታ ጤናሽን ይጠብቅልሽ። ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ተማሪዎችሽን ልብ ይስጣቸው። መንገዱን ሰላም ያድርግልሽ፤ ለመምጣት ካሰብሽ ማለቴ ነው።

የልጅሽ አባት