ለበላይ የተተወ ቦታ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም ምንትዋብ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በደሴ ብርድ እያመካኘሽ ነው? ጋሽ ወልደዮሐንስ፣ ልጆቹ፣ ከሁሉም ይልቅ እማ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ነቀምቴ ዝናቡ አባርቷል፤ የቡርቃ ጃቶ ጭቃ ደርቆ አሁን ተራው የአቧራው ነው። አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ በሉልን የሚሉ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማ አጠገብሽ ሆና ድምፁን ክፈቺው ስለምትል ነው። ጎረቤቴ ፉአድ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ኮምቦልቻ ስለሚሄድ ደሴ ብቅ ብሎ ደብዳቤውንና ዘፈኑ ያለበትን ፍላሽ ይሰጥሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አልበሜ አለቀ። እማ «የፈረንጅ እንጉርጉሮ» የምትለው ብሉዜ በመጨረሻ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው። ለብቻዬ ነው የምሠራው ብዬ ጉራዬን ስነዛ ነበር፤ ጊታሩ ብቻውን አልሆንልህ ሲለኝ የሠርግ ጓዶቻችንን፣ ታፋን በክራር፣ ጋሩማን በከበሮ ጋበዝኳቸው። ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። ታፋ እንደ ልማዱ ክራሩን እስኪቃኝ አረጀን።

እታለም፣ የገጠመንን ልንገርሽ። ወንድማችን በላይ በማሲንቆ ይመራው የነበረውን ዜማ በጊታር አድርጌ ቀረጽነው። ታስታውሺ እንደሆነ፣ ሠርግ ላይ በላይ ሲገባ ሌሎቻችን እጃችንን እንሰበስብ ነበር። እኔ ለማንም ምንም አልተናገርኩም። መሐሉ ላይ ስንደርስ ግን ታፋም ጋሩማም ዝም አሉ፤ የእኔም እጅ ቆመ። ድምፅ ቀራጩ ራጉኤል በላይን አያውቀውም፤ ማን ረስቶ ነው ብሎ ጠየቀን። ሦስታችንም በሩን ነበር የምናየው።

በላይ ኡኬ ከተማ በነበረ ሠርግ ላይ የተጫወተው በአሮጌው ስልኬ ውስጥ ነበርና አውጥቼ ለራጉኤል ሰጠሁት። በተተወው ቦታ ቢያስገባው ልክክ አለ። ማሲንቆው ሲያበቃ ደግሞ ያ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፁ መጣና «ልድገመው?» አለ። ጋሩማ፣ በላይ ፊቱ የቆመ ይመስል፣ «ኤዬ፣ ኦቦሌሳ ኮ»፣ አዎ ወንድሜ፣ ብሎ መለሰለትና ከበሮውን ትቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብሴን ስለብስም፣ ገበያ መሐል ሰው ሲያናግረኝም ያ ድምፅ ይጠይቀኛል። ፈርቻለሁ፣ እታለም።

ራጉኤል ሽፋኑ ላይ «በሞት ለተለየን» ብለን እንጻፍ ይላል። መርዶውን ማን ነገረን? በዚያ ክፉ ዓመት ወደ ጊዳ አያና እንደተሳፈረ ቀረ እንጂ አስከሬኑን ያየ የለም። ጎሕ ሲቀድ በራችንን ያንኳኳ ሽማግሌ የለም፤ ድንኳን አልተጣለም፤ እማም ጥቁር አልለበሰችም። እኔ እንደሞተ ልቤ ያውቃል፤ ይኸው ጻፍኩት። አንቺም ሆድ ይፍጀው ብለሽ ነው እንጂ ታውቂያለሽ። ለእናት ግን መርዶ በአልበም ሽፋን አይነገርም። ስለዚህ ከታፋና ከጋሩማ ስም ቀጥሎ «ማሲንቆ፣ በላይ» ብቻ አስጻፍኩ።

የጨነቀኝ ድምፁ ነው። ብተወው፣ እማ በሬዲዮ ድንገት ሰምታው አንድ ነገር እንዳትሆንብን፣ ወይም ልጄ መጣ ብላ መንገድ ዳር እንዳትቀመጥ እሰጋለሁ። ብቆርጠው ደግሞ በገዛ እጄ የቀበርኩት ይመስለኛል። ራጉኤል ቶሎ ወስን እያለ ያጣድፈኛል፤ እኔ ግን ይህን ብቻዬን የምወስን ሰው አይደለሁም።

ጋሽ ወልደዮሐንስን ሰላም በይልኝ፤ ዘፈኑን ለእማ ስትከፍቺላት ወንበሩን ከአጠገቧ ያድርግ። ሃሌሉያን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ብፅዓትን ደግሞ ጊታሩን አልረሳሁትም በያት። ጎረቤቶችሽንም ሰላም በያቸውና ያን ዕለት ጥሪያቸው፤ እማ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው። ምንም አታስረጂያት፤ ክፈቺላትና ዝም በይ። ልድገመው ሲላት መመለሷ አይቀርም፤ ያለችውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ላኪልኝ። ድገመው ካለችው ድምፁ ይቆያል። በቃህ ልጄ፣ እረፍ ካለችው ግን ድንኳኑን አስጥዪ፤ እኔም እመጣለሁ።

ወንድምሽ ታዲዮስ
ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.