የእትዬ ቆጣሪ የሕይወት ታሪክ፤ ከስንዴ ቅጠል እስከ ደም ጠብታ

ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። በምርምር ጣቢያው ረጅም ኮሪደር ያለፈ ሰው ሁሉ ከሦስተኛው በር ጀርባ ይህን ድምፅ ሰምቷል። በሩ ሲከፈት በአጉሊ መነጽር ላይ ያጎነበሰ ነጭ ጋውን ይታያል፤ በቀኝ አውራ ጣት ሥር ደግሞ የሚፈለገው ነገር በታየ ቁጥር የምትጫን አንዲት ትንሽ የብረት መቁጠሪያ። ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሁላችንም እትዬ ቆጣሪ የምንላቸው እናታችን፣ እህታችንና ባልደረባችን ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው።

እትዬ ቆጣሪ ከገበሬ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ለቤቱ ሁለት ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ስለነበር፣ ውኃው በሞላ ቁጥር ወንድማቸው በጀርባቸው አዝለው ያሻግሯቸው ነበር። ወንድማቸው ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው ከአባታቸው ጋር እርሻ ሲገቡ፣ «አንቺ የኔንም ጨምረሽ ተማሪ» አሏቸው። እሳቸውም የሁለት ሰው ያህል ተማሩ።

በ1968 ዓ.ም. በጣቢያው በላቦራቶሪ ረዳትነት ተቀጠሩ። እየሠሩም ተምረው በ1974 ዓ.ም. በዕፅዋት ጥበቃ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1975 ዓ.ም. የጣቢያውን መካኒክ አገቡ፤ በ1978 ዓ.ም. አሁን መምህርት የሆነችውን አንድ ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «የኛ ቤት ሁለት ቆጣሪ አለው፤ አንዱ ግድግዳው ላይ ነው፣ አንዷ ይቺውላችሁ» ይሉ ነበር። ስሙም ከዚያ ወዲህ ጸና። እኚህ ደግ ሰው በ2001 ዓ.ም. ቀደሟቸው።

በ1984 ዓ.ም. የሆነውን ሳይናገሩ የእትዬ ቆጣሪን ታሪክ ማንበብ፣ ግማሽ ፊትን ሸፍኖ ፎቶ እንደ መነሣት ነው። በዚያ ዓመት ለዋግ፣ ማለትም ስንዴን እንደ ዝገት ለሚያለብሰው በሽታ፣ አዲስ መድኃኒት ሊፈተን ነበር። አሥራ ሁለት ማሳዎች ተመረጡ። ስድስቱ ይረጫሉ፤ ስድስቱ ለማነጻጸሪያ ሳይረጩ ይቀራሉ። የትኛው የት እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ ብቻ ነው። ወንድማቸው፣ «ለእህቴ ያልሆነ መሬት ይንደድ» ብለው የአባታቸውን ማሳ በደስታ ሰጡ። ሰባተኛው ማሳ እሱ ነበር። ዕጣውን ያወጡት እትዬ ቆጣሪ ራሳቸው ናቸው፤ የወጣውም «አይረጭም» የሚል ነበር።

ዋጉ በዚያ ዓመት እንደ እሳት መጣ። ወንድማቸው ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በቀይ ብናኝ ተለውሶ ወደ ቢሮ መጡ። «እህቴ፣ አንድ ጀሪካን ስጪኝ። ማን ያየናል?» አሉ። እትዬ ቆጣሪም፣ «ጋሼ፣ እኔ አያለሁ» ብለው መለሱ። የመድኃኒቱ መጋዘን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የታመሙትን ቅጠሎች ሊቆጥሩ ወደ ሰባተኛው ማሳ ወረዱ። ወንድማቸው ከዳር ቆመው ሲያዩ ሲያዩ ቆይተው፣ «የኔንስ ሞት ቆጠርሽው?» አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አላነጋገሯቸውም። ጣቢያው በስምምነቱ መሠረት ምትክ እህል ቢልክ ከደጅ መለሱት። የወንድማቸው የበኩር ልጅ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ለቀን ሥራ ወጣ። መድኃኒቱ ግን መሥራቱ ተረጋገጠ፤ የብዙ ሰው ጎተራም በእሱ ምክንያት ሞላ። እትዬ ቆጣሪ ስለዚህ ሥራ ሲመሰገኑ ቀና ብለው አያውቁም።

በ1986 ዓ.ም. በራሳቸው ጥያቄ ወደ እንስሳት ጤና ክፍል ተዛወሩ። የከብትና የበግ የጉበት ትልን እንቁላል ከእበትና ከበጠጥ እያጣሩ ሲቆጥሩ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላቸው። ሽታውን የሸሸ ባልደረባ ካዩ፣ «ና ግባ፤ በግ ከሰው በላይ እውነቱን ይናገራል፣ ግን በኋላው በኩል ነው» እያሉ ያስቁ ነበር።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጣቢያው ከሐኪሞች ጋር በጀመረው ጥናት፣ ፊታቸውን ወደ ሰው ጉበት መለሱ። በሴሎቻችን ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባሉ ጥቃቅን መልእክተኞች አሉ። ከእነዚህ መካከል የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ የማይሸከሙት ለረጅም ጊዜ ትርፍ ተብለው ተንቀው ኖረዋል። እትዬ ቆጣሪ እነዚህ የተናቁት ጉበት ሲታመም በደም ውስጥ ይበዙ ወይም ያንሱ እንደሆነ ከባልደረቦቻቸው ጋር መረመሩ። «ሥራ ፈት ያላችሁትን ሁሉ፣ መጀመሪያ ሥራህ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት» የሚለው ምክራቸው በተማሪዎቻቸው አፍ ላይ ቀርቷል። በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ከላቦራቶሪው አልራቁም።

በ2014 ዓ.ም. ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰዎች ደም ሲፈለግ ክንዳቸውን ቀድመው የዘረጉ እሳቸው ናቸው። በብልቃጦቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ውጤቱ ሲመጣ ከጤነኞቹ አንዱ የታመሙትን መሰለ። ወጣቱ ተመራማሪ፣ «ይህችን እናውጣት፤ ታበላሽብናለች» ቢል፣ «ያስቸገረ ሁሉ ከወጣ ማን ሊቀረን ነው?» አሉት። መዝገቡ ተገለጠ። ብልቃጡ የራሳቸው ነበር። መዝገቡን ዘግተው፣ «በሉ፣ ሻይ አምጡ» አሉ። ሐኪሞቹም የጉበት ካንሰር መሆኑን አረጋገጡ።

በሕመማቸው ወራት ስለ ሞት ብዙም አልተናገሩም። የከበዳቸው ሌላ ነበር። ልጃቸውን፣ «ሥራው ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አልረጭም። ግን ያን ቀን መቁጠሪያዬን ኪሴ ከትቼ ከጋሼ አጠገብ መቆም ነበረብኝ። ይህን በአፌ ልንገረው» ይሏት ነበር። ሦስት ጊዜ መልእክት ተላከ። መልስ አልመጣም። በር በተንኳኳ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና ይሉ ነበር።

እትዬ ቆጣሪ ሐሙስ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ታላቅ ወንድም ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እርስ በርስ የምንተያይበት ዓይን ይስጠን።

ወንድማቸው በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሦስተኛው መልእክት ደርሷቸው ኋላ ከሰፈሩበት ሩቅ አገር ማክሰኞ ተነሥተው ነበር፤ መርዶውን የሰሙት ከበሩ ላይ ነው። የእህታቸው ልጅ ወንበር አቀረበችላቸው፤ የእናቷንም ቃል እንዳለ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ የለም፣ አጎቴ።»

ወደ አልጋው ጠጋ ብለው፣ ከአንሶላው ሾልኮ የወጣውን የእህታቸውን እግር ሸፈኑ። ጠርዙንም በፍራሹ ሥር አጥፈው አስገቡት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ። በደጅ የተቀመጡት ጎረቤቶች መንገድ እየለቀቁ፣ «ጋሼ፣ ወዴት? አረፍ ይበሉ እንጂ» አሏቸው። የአውቶቡሱ መንገድ በስተቀኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ግራ፣ ወደ ሰባተኛው ማሳ በሚወስደው መንገድ፣ ታጥፈው ሄዱ።