አማርኛችንን የረሳው ኮምፒውተር

ገሜ፣ የኔ ጌታ፣

ወንድሞችህ ሲገናኙ እንደሚባባሉት «አካም ጅርታ?» ብዬ ልጀምር ነበር። «አለህ ወይ» ማለት እንደሆነ ትዝ ሲለኝ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ገብስ ሲታጨድ ነው የተለየኸኝ። ይኸው ኮምባይነሮቹ ከሲናና በኩል አስፋልቱን ሞልተው እንደገና እየመጡ ነው። አቧራው መስኮቱን ሸፍኖታል፣ እኔም አልወለውለውም። ለማን ብዬ?

«ወሬ አልወድም» እያልክ ጆሮህን የምታቆም ሰው ነበርክና የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሱቅህን የስልክ ሽፋን ነጋዴ ተከራይቶታል። «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚለውን ሰሌዳህን ግን አላወረደውም፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ገብቶ የስልክ ሽፋን ገዝቶ የሚወጣ አለ አሉ። እህትህ ጫልቱ በየሳምንቱ ከጎባ በሚኒባስ ትመጣለች። ድስቴን ከፍታ ታያለች፣ «ዛሬም አልበላሽም» ብላ ትቆጣለች፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅስና የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ትሮጣለች። ሐዘኑ እያደር ይቀላል ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል።

ዛሬ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች የማያውቁትን ልናገርብህ ነው፤ አትቆጣ። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፣ አንተ በዚያ እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫ በሆነው አሮጌ ኮምፒውተር ትተይባለህ። ላፕቶፕ ነበረህ፤ ለደንበኛ እንጂ ለእኔ ጽሑፍ ነክተኸው አታውቅም። «ያንቺን አማርኛ የለመደው ይሄ ነው» ትል ነበር። ጨርሰህ ስሜን ከጻፍክ በኋላ ኢንተሩን ደጋግመህ ትጫንና ወደ ታች ወርደህ የራስህን አስተያየት ትጨምርበታለህ። «ይህችን ያማሻትን ሴትዮ ጎባ ሙሉ ያውቃታል፤ ቅዳሜ ገበያ ለብቻሽ ትሄጃለሽ።» «ዛሬ ጽሑፍሽም ወጥሽም ጨው በዝቶባቸዋል።» አንድ ጊዜማ «ባልሽን እንዲህ ካማሽው የሚተይብልሽ ሌላ ፈልጊ» ብለህ አኩርፌህ ሰነበትኩ። አትመህ፣ ኮስተር ብለህ ትሰጠኝና እስክስቅ ድረስ ከበሩ ንቅንቅ አትልም። ለመጽሔቱ የሚሄደው ሌላ ቅጂ ነው፤ የእኔን ግን ከሰል አቀጣጥልበት ነበር። ነገ ሌላ ይመጣል ብዬ ነዋ! ነገ አይመጣም ብሎ ማን ያስባል?

ስለዚህ ቀልድህ ሁሉ የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር። አንተን የምሰማበት ሌላ ምንም የለኝም፤ ስልክ ላይ እንኳን «እሺ፣ እሺ» ብለህ የምትዘጋ ሰው ነበርክ።

የሄድክ ቀን ጎረቤቱ እንደ ወጋችን ለለቀስተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ዕቃችንን ተሸክሞ አወጣ። ሶፋው አንዱ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ሌላው ቤት፣ ኮምፒውተሩም ገመዱ ሁሉ ተነቃቅሎ ሌላ ቤት ገባ። ከሲፒዩው ጀርባ ተሰክታ የምትኖረውን፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ፕላስቲክ ማን ልብ ይላታል? «ቁልፏ» የምትላት እሷን ነበር። እሷ ካልተሰካች የድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ንክች እንደማይል የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። አንተ የለህም፤ እኔ ደግሞ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ራሴንም አላውቅም ነበር።

ዕቃው ሲመለስ ማንኪያ እንኳን አልጎደለም። ቁልፏ ብቻ የለችም። ጫልቱ «ያ ዋቃ፣ ኧረ አምላኬ! ጉትቻው ሲወልቅ አማርኛ የሚረሳ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ነው?» ብላ በለቅሶዬ መሃል አሳቀችኝ። ጎረቤቱ ሶፋ ሥር፣ ፍራሽ ውስጥ፣ ድንኳኑ ተተክሎ የነበረበት ሣር ላይ ሳይቀር ፈለገ። ያቺን የምታክል ነገር ሰፈሩን በሙሉ አንበረከከችው፤ ግን አልተገኘችም።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ሠሪዎች ዘንድ ሄድኩ። አንዱ «እማማ፣ ይሄን ሙዚየም ያስገቡት» አለኝ። ሰማህ? እማማ ሆንኩልህ! ሌላው ፕሮግራሙን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሊጭነው ሞከረ፤ ላፕቶፑ በጣም አሮጌ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። ሦስተኛው በሌላ ፕሮግራም አንዱን ጽሑፍ ከፈተልኝ። ወይ ጉድ! የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት ተቃቅፈው መስመር ሞልተዋል። ያ ሁሉ ሳቃችን እንደዚያ ሆኖ ሳየው ሁለተኛ የሞትክ ነው የመሰለኝ።

ከጓሮ ያለውን ቤት የተከራየችውን ሰላማዊትን አታውቃትም፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ በዚያው ቤተኛ ሆነች። ያን ዝብርቅርቅ ብታይ «እትዬ ዘኑ፣ ጽሑፉ አልጠፋም» አለችኝ። ያኔ ፕሮግራሙ የእኛን ፊደል በላቲኖቹ ቦታ ያስቀምጠው ነበር አሉ። የታተመውን መጽሔት ከጎኑ አስቀምጠን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አንድ በአንድ ካገኘን፣ መጽሔት ላይ ያልወጣውም ይነበባል።

ችግሩ ዲስኩ ነው። ያ ሁሉ ሸክም ጎድቶት ኖሮ በተነሣ ቁጥር እንደታመመ ሰው ያቃስታል። «ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል፤ መጀመሪያ የትኛውን ላውጣ?» አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ካሾፍክብኝ ውስጥ አንዱን ምረጪ ስባል ምን ልበል? የመጨረሻውን አልኳት፤ ሐኪም ቤት ልትገባ በዋዜማው፣ እያሳለህ፣ ተው ብልህ እምቢ ብለህ የተየብከውን፣ ለመጽሔቱ ልከህ የእኔን ቅጂ ግን ሳታትምልኝ የቀረኸውን። እሱ ወጣ። ወደ ሌላው ስታልፍ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። አዲስ አበባ ድረስ ላክነው፤ ውስጡ ተፍቋል ብለው መለሱልን።

የቀረኝ እንግዲህ ያ አንድ ጽሑፍ ነው። ምሽት ምሽት እኔ መጽሔቱን ይዤ አነባለሁ፣ ሰላማዊት ከምልክቶቹ ጋር ታዛምዳለች። ከታች፣ ከሌላው ተነጥላ የቆመች አንዲት አጭር መስመር ነበረች። እሷን ገና ሳያት ያንተ ናት አልኩ። ሰውነቴ ሁሉ እሷን ጠበቀ። ምግብ የበላሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ ጫልቱም ድስቴን አይታ ሳትቆጣኝ ሄደች።

ፊደሎቹ ተሟሉና መስመሯ ተፈታች። «ዘነበች» ትላለች። ጠራኝ ብዬ ጮህኩ፣ ገሜ! ስሜን ጠራኝ! ሰላማዊት የቀረውን ፈታችው። «ዘነበች፣ ከሮቤ» ነው። ጽሑፌ ሁሉ በስሜ እንደሚያልቅ እንዴት ረሳሁት?

ከስሜ በታች ሰላማዊት ጠቋሚውን ወደ ታች ነዳችው። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። እንደ ልማድህ ኢንተሩን ደጋግመህ ተጭነህ ለራስህ ቦታ አዘጋጅተሃል። እዚያ ግን ምንም የለም። ደክሞህ ይሆን? ሳሉ አቋርጦህ ይሆን? ወይስ እኔው መጥቼ «በቃ ተነሥ፣ ተኛ» ያልኩህ ሰዓት ይሆን? ምናልባት አሁንም ያልተፈታ ነገር ይኖር እንደሆነ ለመንኳት። «ባዶ መስመር በድሮውም በአዲሱም ኮምፒውተር ያው ባዶ ነው፣ እትዬ» አለችኝና አቀፈችኝ።

ምን ልትለኝ ነበር? ሳስበው እውላለሁ። ያን ሰሞን ወጤ ጨው አልነበረውም፣ ሐኪም ከልክሎህ። ማንንም ደግሞ አላማሁም ነበር።

ኮምፒውተሩ እዚያው ቦታው ላይ ነው። አይበራም፤ ሲያወጡት ማየት ግን አልችልም። ሰላማዊት ላፕቶፕ አስለምዳኛለች፣ አሁን በራሴ ጣት እተይባለሁ። እየሳትኩ፣ እየሰረዝኩ። ስጨርስ ስሜን እጽፍና እንዳንተ ኢንተሩን ደጋግሜ ተጭኜ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ። መጻፍ እስካላቆምኩ ድረስ ያ ቦታ ያንተ ነው፤ በሌላ ወሬ አልሞላውም። አዘጋጁን ለምኜዋለሁ። ቦታ አባከንሽ ብሎ አጉረምርሞ ነበር፣ በኋላ ግን እሺ አለኝ። ከዚህ በታች ማስታወቂያ አያስገባም።

ዘነበች፣ ከሮቤ