የእማ ምሳ በአያ ሙሄ ጣሳ

ለምወድህ ወንድሜ ለኸይረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከሄድክ ጀምሮ ስምህን ሳናነሳ ያለፈ ሰላት የለም። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? በመንገድ የቆሰለው እግርህ ዳነ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የሰንዓ ብርድ አጥንት ይገባል ይሉናልና የምትደርበው ነገር አገኘህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ላይ ላቆም ነበር፤ ግን ደህና ነን ብቻ ብዬ ብተወው እንደ መዋሸት ይሆንብኛል።

ይህን ነገር እንዳልነግርህ እማ አስምላኛለች። በስልክ እንዳላወራህ ደግሞ ስትደውል ከጎኔ አትጠፋም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ነገ ወደ ሰንዓ ለሥራ በምትሄደው በቶይባ እጅ ልኬልሃለሁ።

መጋቢት ላይ ከባቲ ተነስተህ ወሬህ ሲጠፋ፣ እማ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ እሳት የነካው ነገር በአፌ አይገባም ብላ ማለች። ልጄ በበረሃ ምን የሚያበስልበት እሳት አለው ብላ ነው። ሥጋውንም ወተቱንም አብራ ተወች። ለእኛ ሆዴን አሞኛል ትለን ስለነበር ነገሩ የገባን ከወር በኋላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ምግቧ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ ጥሬ ማሾ ሆነ። ረመዳንን እንኳ ያፈጠረችው በተምርና በፓፓያ ነው። ሼሁ መጥተው አላህ የፈቀደውን በራስሽ ላይ እርም አታድርጊ፣ አሥር ሚስኪን አብልተሽ ከመሐላሽ ውጪ ቢሏት፣ እሺ ብላ አሥሩን አበላችና እሷ ወደ ካሮቷ ተመለሰች። ግትርነቷን ታውቀዋለህ፤ አንተስ ከማን ወረስከው? አምባሯ ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀመር።

ከኢድ በኋላ በጎረቤታችን በፋጡሜ ሞባይል የደወልክ ቀን ቤቱ በደስታ ሊፈርስ ነበር። አጎታችን አያ ሙሄ ያደለቡትን ሙክት አረዱ። እኔም ባለሙያ ነኝ ባይ፣ ገንፎውን በቅቤ አጥለቅልቄ አቀረብኩ። ጮማው፣ ገንፎው፣ ማሩ፣ ሁሉም በአንድ ገበታ። እማ ማንንም ላለማስከፋት የተሰጣትን ሁሉ ጎረሰች። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሳይደርስ ሆዷን ይዛ ተጥመለመለች፣ አስመለሳት፣ ከዚያ ራሷን ሳተች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ሞተችብኝ ብዬ ነበር።

የጤና መኮንኑ ናሆም ሰባት ወር ምን ስትበላ እንደከረመች ሲሰማ ለመቆጣትም አልቻለም። ጉሉኮስ ሰቀለላትና ቀስ ብሎ አስረዳን። ጥሬ ፍሬና ቅጠል የለመደ ሆድ ጮማና ገንፎ በአንድ ቀን አይችልም አለን። መጀመሪያ መረቅ፣ ቀጥሎ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ደቆ የተቀቀለ። ቅባት ያለው ስትበላ እንጀራው ይቀነስ፣ ገንፎ ስትበላ ደግሞ ቅቤው ከአንድ ማንኪያ አይለፍ፤ ፓፓያዋም በአንዴ አይቅርባት። አያ ሙሄ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። «ከሳር ለመጣ በሬ በመጀመሪያው ቀን የስንዴ ፉሩሽካና የኑግ ፋጉሎ አንድ ላይ ሰጥቼ አላውቅም። ፋጉሎውን ስጨምር ፉሩሽካውን እቀንሳለሁ። ለገዛ እህቴ ግን ይህን ማሰብ አቃተኝ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ሲያደልቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ከልባቸው አፈሩ።

ከዚያ ወዲህ የእማን ምሳ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። መኖ የሚሰፍሩበትን ጣሳ ይዘው ይመጣሉ፤ አጥበውት ነው፣ አትሳቅ። የገንፎውን ዱቄት በጣሳው ለክተው ይሰጡኛል፣ የሥጋውንም ስብ በቢላ እየገፈፉ ያወጣሉ። እማ አንድ ቀን «ሰንበቴ የከብት ገበያ ልታወጣኝ ነው ወይ?» ብላቸው ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሳቋን ከሰማን ስንት ጊዜያችን። አምባሯም ወደ ቦታው እየወረደ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ግን ደውለህ ደላላ እንዳገኘህ፣ ከአረፋ በኋላ በእግር ወደ ሳዑዲ እንደምትሻገር ነገርካት። አላህ ያግዝህ ብቻ ብላ ስልኩን ለፋጡሜ መለሰች። በማግስቱ ቤት ስጠርግ ከአልጋዋ ሥር በሳህን የተዘፈዘፈ ማሾ አገኘሁ። ምንድነው ብላት፣ «ገና አልጀመርኩም። የምጀምረው እሱ ሲነሳ ነው» አለችኝ። ናሆምን ሄጄ ጠየቅኩት፤ ሰውነቷ ሁለተኛ አይችለውም አለኝ።

ኸይረዲን፣ ፈርቻለሁ። አትሂድ ለማለት አፍ የለኝም፤ ለምን እንደወጣህ አውቃለሁ። ልብህ ከፈቀደ ቅር። ካልፈቀደ ግን ወሬህን አታጥፋ። ከመነሳትህ በፊት ደውል፣ ስልክ ካለበት ከየትም ደውል፣ ከሌለም በሰው ላክ። ድምፅህ ሲጠፋ እሷ መብላት ታቆማለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔም መሐላዬን አፍርሻለሁና አሥር ሚስኪን ማብላት ተራዬ ነው፤ ከእማ ተደብቄ አበላለሁ።

አያ ሙሄ ጉልበትህን ጠብቅ ይሉሃል። ፋጡሜ ስልኬን አልዘጋም ብላለች። ልጄ ዓዲላ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ታስቸግረኛለች። አብሮህ ላለው ለሙጂብ ሰላም በልልኝ፣ እናቱ ደህና ናቸው። እማ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ማንበብ ስለማትችል ሰላምታ ብቻ የምጽፍልህ ይመስላታል። ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ደህና እየበላች ነው በይው» አለችኝ። ዛሬ ምሳ የበላችው ሦስት ጉርሻ ነው።

እህትህ ረቢአ
ከሚሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2000 ዓ.ም.